የመሰለች ተራ

«ክንዱ፣ በእሷ ኩባያ ልትጠጣ ነው? ቀዩን ክር አላየኸውም?»

ድምፁ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሲመጣ በሩን ለማንኳኳት የተነሣው የአልጣሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። ተናጋሪዋ ወለተ ማርያም ናት፤ የጎረቤቷ የመሰለች ባል የክንዱ እህት። አልጣሽ ክንዱ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለመስማት ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋች።  አንድ ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላ ኩባያ ሲነሣ፣ ከዚያም ሻይ ሲቀዳ ብቻ ተሰማ። ድሮ ከዚህ ቤት ሳቅ አይጠፋም ነበር። የክንዱና የመሰለች ጨዋታ አጥር ዘሎ መጥቶ አልጣሽን ብቻዋን ያስቃት ነበር። አሁን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ መሰለች በግራ ጡቷ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት አገኘች፤ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች፤ «ትልቅ ቦታ ሄደሽ ተመርመሪ» አሏት። ይህች «ተመርመሪ» የምትባል ቃል ከክሊኒኩ በር ተነሥታ ንፋስ መውጫን አቋርጣ ሰፈር እስክትደርስ «ካንሰር» ሆነች። ወለተ ማርያም የወንድሟን ቤት ላግዝ ብላ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጣች፤ በመጣች በሁለተኛው ቀን የመሰለች ኩባያ እንዲለይ ቀይ ክር ታሰረበት፤ በሳምንቱ የመሰለች አልጋ ወደ እህል ቤቱ ዞረ።

አልጣሽ ጉሮሮዋን ጠረገችና «እንዴት አደራችሁ!» እያለች ገባች። ከወለተ ማርያም ጋር እግዜር ይመስገን ተባባሉ፤ ክንዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣና ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። እሷ በቀጥታ ወደ እህል ቤቱ አለፈች። ገብስና ስንዴ የያዙ ጆንያዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ከጆንያዎቹና ከግድግዳው መካከል በተረፈችው ቦታ አልጋው ገብቷል፤ መሰለች እግሯን ሰብስባ ካልተቀመጠች አትበቃትም። አልጣሽ ከነጠላዋ ጫፍ በሃያ ብር የገዛችውን ዳቦ አወጣች፤ ከዳቦው ውስጥ ደግሞ በሶፍት የተጠቀለለች ብርቱካንማ ክኒን አወጣች።

«ዳቦውን ብይና ዋጪ። ዛሬ ያንቺ ተራ ነው።»

መሰለች ዋጠች። ፊቷ አባብጧል፤ የዓይኗ ቆብ ተነፍቶ ዓይኗ እንደ ቻይና ሰው ጠቧል። «እትየ አልጣሽ፣ ያቅለሸልሸኛል። ሌሊት ሌሊት የባቴን ጅማት ሲይዘኝ እጮኻለሁ። አሁንስ አለቀልኝ መሰለኝ» አለች።

«መድኃኒት ሲሠራ እንደዚህ ነው። እኔንም አድርጎኝ ነበር» አለች አልጣሽ። ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ክኒኗ የራሷ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት የደም ካንሰር ተገኝቶባት፣ ሆዷ የእርጉዝ ያህል ተነፍቶ፣ ቄስ ጠርታ ንስሐ ከገባች በኋላ ያቺ ብርቱካንማ ክኒን ናት ከመቃብር አፍ የመለሰቻት። የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግላ ጡረታ የወጣች ሴት ናትና የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ ችሎት ውሳኔ ነበር የምታከብረው። መሰለች እህል ቤት መግባቷን እስክታይ ድረስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን አልጣሽ፣ አንድ ቀን መሰለች፣ ተራ በተራ ይውጣሉ። ለማንም አልተናገሩም።

ለማንም ያልተነገረው ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ለመደበቅ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም የእህቷ ልጅ ምሥራቅ ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ገብታለች። ምሥራቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የተማረችው አልጣሽ ቤት፣ አልጣሽ አልጋ ላይ ከእግርጌ እየተኛች ነው። አሁን ዶክተር ተብላለች። ዶክተር መባሏ ግን ለሰፈሩ እንቆቅልሽ ሆኗል። ትናንት መምጣቷ እንደተሰማ አንዱ ያበጠ ጉልበቱን፣ አንዷ የከረመ ሳሏን፣ ጡረተኛው አቶ ፈንታው ደግሞ የበሬውን ዓይን ሊያሳያት መጥቶ ነበር። «እኔ አላክምም፤ የማጠናው ሕዋሳት እንዴት መልእክት እንደሚቀባበሉ ነው፤ ካንሰር ሲሆኑ መልእክቱ የት ላይ እንደሚበላሽ» ብትላቸው አቶ ፈንታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የየትኛው ፓርቲ ሕዋስ?» አላት። ሲወጡም ደጃፍ ላይ «ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ አንድ መርፌ አለመውጋት! የአክስቷ ድካም ውኃ በላው» ሲባባሉ አልጣሽ ሰምታለች። ምሥራቅም ሰምታለች፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆነው እራት በሉ።

አልጣሽ ከጎረቤት ስትመለስ ምሥራቅ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትታጠባለች። የጥቅምት ንፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የተከራዩት መምህራን ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ነው። ምሥራቅ ቀና ብላ አየቻትና እጇ ከነውኃው ቆመ።

«እትየ፣ ፊትዎ እንዴት አማረ። ጠዋት ጠዋት ዓይንዎ ያብጥ አልነበረም? ባለፈው ስመጣ ያ መድኃኒት ያመጣው ነው ብዬዎት አልነበረም?»

«እንቅልፍ ጠግቤ ነው እንጂ።»

«ጅማትስ ይይዝዎታል?»

«ኧረ ተወኝ፤ ተመስገን።»

«መድኃኒቱን ግን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ እንደ ጸሎቴ ነው የምይዘው» አለች አልጣሽ፤ ካለችም በኋላ ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም መሆኑ ትዝ ብሏት በልቧ አማተበች። ምሥራቅ ፎጣውን አንሥታ ፊቷን ቀስ እያለች ስታደርቅ አልጣሽ ድንች የምትልጥ መስላ ቢላዋ ፈለገች። ምሥራቅ ልጅ ሳለች ፈተና የወደቀች ቀን ሁለቱም እንዲሁ ድንች ይልጡ ነበር።

ድንቹ ሳይላጥ የግቢው በር ተንኳኳ። መሰለች ናት፤ ጋቢ ተከናንባ፣ አጥር አጥሩን ይዛ፣ የመጣችውን ዶክተር እንኳን ደህና መጣሽ ልትል። ምሥራቅ ተነሥታ ሳመቻት፤ ከዚያ ትከሻዋን ይዛ ፊቷን አየች፤ ዞራ አክስቷን አየች፤ እንደገና መሰለችን አየች። አንድ ተማሪ ከሌላው መኮረጁን የደረሰበት መምህር እንዲህ ነው የሚያየው።

«መሰለች፣ ያቅለሸልሽሻል?»

«በጣም እንጂ።»

«ሌሊት የባትሽን ጅማት ይይዝሻል?»

መሰለች አፏን ያዘች። «በስመ አብ! እንዴት አወቅሽ? ይህች ልጅ መርፌ አትወጋም ያለው ማነው?»

«እትየ» አለች ምሥራቅ፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ አልጣሽ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች። «የክኒኑን ዕቃ ያምጡልኝ።»

አልጣሽ ዕቃውን አላመጣችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲክድና ሲያምን ስትሰማ የኖረች ናትና ክህደት መቼ እንደማያዋጣ ታውቃለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች፤ ኩባያውን፣ እህል ቤቱን፣ ዳቦውን። «እኔ ድኛለሁ። እሷ ግን የሚያያት አጣች። ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ለሌለው ይስጥ ይላል ወንጌሉ፤ እኔም ከሁለት ቀን አንዱን ሰጠኋት። ይህ ኃጢአት ከሆነ ንገሪኝ።»

ምሥራቅ እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ጋር ሳቅም መጣባትና ሁለቱን መለየት አቃታት። ከአክስቷ ፊት ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘች። «እትየ፣ ደቦ የሚጠራ ሰው ታውቂያለሽ አይደል?» አለች፤ ስትደነግጥ እንደ ልጅነቷ አንቺ ማለት ይቀናታል። «አጨዳ ሲደርስ ‹ውጡ› ይላል፣ ሥራው ሲያልቅ ዝም ይላል። በሰውነታችንም እያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ እንደዚያ የሚጠራ አለ፤ ‹ተባዙ› ይላል፣ ሲበቃ ዝም ይላል። ያንቺ ደም ውስጥ አንዱ ጠሪ ተበላሸ። አጨዳ በሌለበት፣ ሌት ተቀን፣ ‹ውጡ! ውጡ!› ይላል። ክኒኗ የዚያን የአንዱን ጠሪ አፍ ነው የምትይዘው። የሌላ ሰው እብጠት ቢኖር ጠሪው ሌላ ነው፤ ክኒኗ አታውቀውም። መሰለችን ያሳበጣት፣ ያቅለሸለሻት በሽታው ሳይሆን ክኒኗ ናት።»

«እኔ ነኝ በያ ያሳመምኳት» አለች አልጣሽ ቀስ ብላ።

«እሱ ይለቃታል፤ ሲተዉት ይተዋል። እኔን ያስፈራኝ ያንቺ ነው። አንድ ቀን ተይዞ አንድ ቀን የተለቀቀ አፍ አምልጦ መጮህን ይማራል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ የማጠናው እሱን ነው፤ እንዴት እንደሚያመልጥ።»

መሰለች ጋቢዋን አፏ ላይ ጭና ቆማ ስትሰማ ነበር። «ለእኔ ብለው…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ምሥራቅ ተነሣች፤ ፊቷን እንደገና ታጠበች፤ «ሁላችንም ሆስፒታል እንሄዳለን። አሁን» አለች።

የመሰለችን መታወቂያ ለመያዝ በክንዱ ቤት በኩል ሲያልፉ ወለተ ማርያም በሩ ላይ ቆማ «ከመጣ መከራ ጋር ምን ያታግላል? ጠበሉ አይሻልም?» አለች። ክንዱ ከውስጥ ሆኖ ሲሰማ ቆየና ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፤ እህቱን ሳያይ፣ ሚስቱንም ሳያይ፣ ወጥቶ ደጅ በቆመው ባጃጅ ላይ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። ለሦስት ሰው በኮንትራት መቶ ሃምሳ የጠየቀው ሾፌር አራተኛውን አይቶ ሊናገር ነበር፤ የክንዱን ፊት ሲያይ ተወው። መንገዱ አቧራ ነው፤ ንፋሱ አቧራውን አንሥቶ ከኋላቸው እንደ መጋረጃ ይዘጋዋል።  አልጣሽ ለመሰለች የሰጠቻቸውን ክኒኖች በልቧ ትቆጥር ነበር፤ ሃያ ሁለት ወይስ ሃያ ሦስት?

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ምሥራቅ ካርድ አወጣች፤ ለአልጣሽ ደም አስቀዳች፤ ከዚያ መሰለችን ይዛ በአልትራሳውንዱ ክፍል በር ቆመች። በሩ ተከፍቶ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ወጣት ሐኪም ብቅ አለ፤ «ቀጣይ» ሊል አፉን እንደከፈተ ምሥራቅን አየና ከወገቡ ጎንበስ አለ። «መምህርት! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ስሙ ዶክተር እሱባለው ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ሕዋስ የተማረው ከእሷ ነው። ኮሪደሩ ለሚሰማው ሁሉ «እኛን ሐኪም ያደረጉን እኚህ ናቸው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ግማሻችንን ጥለውናል» እያለ ሳቀ። ሳል ይዛ ትናንት ማታ የመጣችው ሴትዮ እዚያው ተራ ይዛ ነበርና አጠገቧ ያለውን ሰው በክርኗ ጎሸም አደረገችው። አልጣሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ገባች።

ክፍሉ ጠባብና ጨለምለም ያለ ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ አንድ አልጋ፣ አንድ ስክሪን። መሰለች ስትተኛ የአልጣሽን እጅ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ሐኪሙ እብጠቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አንሸራተተ፤ ስክሪኑ ላይ በግራጫው መካከል ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ድብልብል ጥቁር ነገር ታየ። አልጣሽ ጥቁረቱን ስታይ አማተበች። ሐኪሙና ምሥራቅ ግን ተያዩ፤ ምሥራቅ ትንፋሿን ለቀቀች።

«መሰለች» አለ ሐኪሙ፤ «ይህ ውኃ ነው። ሥጋ ቢሆን እንዲህ ጠቁሮ አይታይም። ፈቃድሽ ከሆነ አሁን በመርፌ እናወጣዋለን።»

«ውኃ? ምን ውኃ?»

«ውኃ ነዋ። እዚህ ዕድሜ ላይ ብዙ ሴት ላይ ይኖራል።»

መርፌው ሲገባ መሰለች ዓይኗን ጨፈነች፤ አልጣሽ ግን አልጨፈነችም። በሲሪንጁ ውስጥ የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ውኃ ቀስ እያለ ወጣ፤ እየወጣ፣ እየወጣ፤ ስክሪኑ ላይ ያ ጥቁር ነገር እንደሚደርቅ ኩሬ ጠበበ፤ ከዚያ ጠፋ። ሐኪሙ ጥጥ አድርጎ «ይኸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ትታያለሽ፤ ግን የሚያስፈራ ነገር የለሽም» አለ። መሰለች እጇን ሰድዳ ጡቷን ዳሰሰች። በዚህ በኩል ዳሰሰች፤ በዚያ በኩል ዳሰሰች። ተነሥታ ተቀመጠች።

«የታለ?» አለች። «እትየ አልጣሽ፣ የታለ?»

«ሲሪንጅ ውስጥ ነው ያለልሽ!» አለች አልጣሽ።

«ሁለት ወር ሙሉ የተናዘዝሁት ለዚህ ለአንድ ሲኒ ውኃ ነው?» አለችና ሳቋ ፈነዳ። አልጣሽ ይህን ሳቅ ከሰማችው ሁለት ወሯ ነው። መሰለች ልብሷን እየቆለፈች፣ አንዱን ቁልፍ ከሌላው ቀዳዳ ጋር እያዛነፈች ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ክንዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ውኃ ነው!» አለችው። «ክንዱ፣ ውኃ ነው!» ክንዱ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ነበረች፤ «ፈርቼ ነበር።» መሰለች አጠገቡ ተቀመጠች። ሰው እያለፋቸው ሄደ።

ደስታው ግን ግማሽ ነበር። የአልጣሽ የደም ውጤት ገና ነው። «ከምሳ በፊት» ያሉት ከምሳ በኋላ ሆነ። በክንዱ ጋባዥነት ከሆስፒታሉ ማዶ ሽሮ አዘዙ፤ ማንም በቅጡ አልበላም። መሰለች ለቤተ ልሔም ደብር ጃንጥላ ተሳለች፤ ትንሽ ቆይታ አንድ ጃንጥላ ያነሰ መስሏት መጋረጃ ጨመረችበት። ካንሰርን በስድስት ዓመት ጥናት የምታውቀው ምሥራቅ ከሁሉም ብሳ፣ ከአግዳሚው ወንበር እስከ ላቦራቶሪው መስኮት ስትመላለስ ጫማዋ ሲሚንቶውን ያንቋቋው ጀመር።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት አልጣሽ፤ እጇን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት። «እኔ ሦስት ዓመት በትርፍ ኖሬያለሁ። አንቺን ዶክተር ሆነሽ አይቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው ጎንበስ ሲልልሽም አየሁ።»

«አንድ ሰው ነው ጎንበስ ያለው፣ እትየ።»

«ለእኔ ኮሪደሩ በሙሉ ነው።»

የላቦራቶሪው መስኮት ተከፍቶ «አልጣሽ!» ተባለ። ምሥራቅ ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ቆማ አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። አልጣሽ መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሷ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ገብቶ ነበር፤ ቁጥሩን እንደ መዝገብ ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። አሁን በምሥራቅ ፊት ላይ ቁጥሩን ለማንበብ ሞከረች።

«ስንት አለ?»

«ስድስት ሺህ ስምንት መቶ» አለች ምሥራቅ። «የጤነኛ ሰው ነው። እትየ፣ የጤነኛ ሰው ደም ነው! ለጥልቁ ምርመራ ደሙ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ ውጤቱ ሲመጣ ነው አፌን ሞልቼ የምናገረው። ግን አምልጦ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እዚህ ወረቀት ላይ መጮህ ይጀምር ነበር።»

ቀጥሎ የሆነውን ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። መሰለች ከአግዳሚው ተነሥታ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እልልታው የኮሪደሩን ጣሪያ መትቶ ተመለሰ፤ ምን እንደሆነ የማያውቁ አስታማሚዎች ሳይቀሩ ደገሙላት፤ ጥበቃው «ምንድን ነው፣ ወለዱ?» እያለ ሮጦ መጣ።

«አዎ!» አለው ክንዱ።

ማምሻውን ሰፈሩ አንድ ነገር አየ። የእህል ቤቱ በር ተከፍቶ አልጋ ወጣ። በአንድ ጫፉ ክንዱ ይዞታል፤ በሌላው ጫፍ ወለተ ማርያም። ሁለቱ ግቢውን አቋርጠው አልጋውን ወደ ትልቁ ቤት ወሰዱት። ወለተ ማርያም በሩ ላይ ሲደርሱ አልጋው እንዳይነካካ ራሷ ጎንበስ ብላ ቀድማ ገባች፤ ወጥታም ፍራሹን ንፋስ ላይ አውጥታ በዱላ እየመታች አቧራውን ስታራግፍ እስኪመሽ ቆየች።

አልጣሽ ቤት እራት ቀርቦ ነበር፤ የድንች ወጥና ለእንግዳዋ ተብሎ የተጠበሰ ሦስት እንቁላል። አልጣሽ በልታ ጨረሰችና ምሥራቅ ያመጣችውን አዲሱን የክኒን ማሸጊያ ፈታች። በዚህ ጊዜ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ፤ መሰለች ነጭ ነጠላ ለብሳ ገባች፤ ዓይኗ አሁንም እንዳበጠ ነው፤ ግን ከእብጠቱ ውስጥ ይስቃል። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሳትቀመጥ ከአልጣሽ ፊት ለፊት ቆመች።

«ልይ» አለች።

«ምን ልታዪ?»

«ሲውጡ ነዋ። እኔን ከወር በላይ ቆመው አስውጠውኝ የለም? በሉ እንግዲህ።»

አልጣሽ ክኒኗን አፏ ውስጥ አድርጋ በውኃ አወራረደችው። መሰለች አልረካችም።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

«አንቺ ልጅ!»

«ይክፈቱ እላለሁ! ምላስዎንም ወደ ላይ። ምሥራቅ፣ ባትሪ የለሽም?»

ምሥራቅ ስልኳን አውጥታ መብራት አበራች፤ ቁም ነገር አስመስላ የአክስቷን አፍ ከግራም ከቀኝም መረመረች። «ተውጧል» ብላ ስትመሰክር አልጣሽ አፏ እንደተከፈተ ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ ውኃውን አነቃት፤ ሳልና ሳቅ እያላጋት ጉልበቷን መታች። ከኋላ ክፍል የተከራዩት ሁለቱ መምህራን የሚያርሙትን ደብተር ጥለው፣ ምን ተፈጠረ ብለው፣ አንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዱ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ግቢው ውስጥ ወጡ።